ጀልባህ ውሃ ጠጣች

ውድ አባዬ፣

ከቤትህ፣ ከቆቦ፣ ሰላም ይድረስህ። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ። እናቴ ካረፈችበት ጎን ነው ያስተኛንህ፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር መንገዴን በዚያ በኩል አደርጋለሁ። የሰሞኑ ነገር ግን ቆሜ ተናግሬ የምጨርሰው ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ አሰብኩ። በእጅ ጽሕፈቴ እንዳትስቅ፤ ጣቶቼ ከመጋዝ ሌላ ነገር መያዝ ከረሱ ቆይተዋል።

ከቤት ልጀምርልህ። የልጅ ልጅህ ሐያት ልትዳር ነው። ልጁ የዋጃ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ አይተኸው ቢሆን ትወደው ነበር። ዳሱ የሚጣለው እኛው ግቢ ውስጥ ነው፤ ግቢውን ይዛ የተኛችው ደግሞ ያንተ ጀልባ ናት። ሚስቴን ዘይነባን ታውቃታለህ፣ ነገር አታስረዝምም፤ ወይ ጠግነህ ከዚህ አንሳት፣ ወይ ለሰርጉ ማገዶ ትሁን አለችኝ። ጎብዬ ከተማ አንድ የአይሱዙ ሹፌር አለ፤ ወንድሙ ሐይቅ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሰኞ መጥቼ እወስድላችኋለሁ፣ ውሃ የማትይዝ ከሆነ ግን እንጨት ጭኜ ያን ያህል መንገድ አልሄድም ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ይህን ያለኝ ዓርብ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮህን ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ። የበልጉ ዝናብ ሦስት ቀን ጥሎ ጠፍቶ፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ መስሎ ነበር። ጀልባዋ ካረፍክ ወዲህ የነካት ስለሌለ ደርቃ ጣውላዎቿ ተላቅቀዋል፤ በአንዳንዱ ስንጥቅ ጣት ያስገባል። እኔ በር ሠሪ ነኝ፣ ክፍተት ካየሁ አላልፍም። ሰጋቱራ በኮላ አቡክቼ ሁሉንም ደፈንኩት። ቆንጆ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በመሃል የዓለም ዜና ጀመረ። ወሬው የጦርነት ነው፣ ጆሯችን ለምዶታል። ድንገት ግን ዜና አንባቢዋ “ባብ ኤል መንደብ” አለች። መላጊያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያንን ስም ካንተ አፍ በቀር ሰምቼው አላውቅም። አሰብ ጀልባ ስትጠግን የኖርክበትን ዘመን ስታወራን፣ የዓለም ስንዴና ናፍጣ የሚሾልክባት ጠባብ የባሕር በር አለች፣ እሷ ከተዘጋች ቆቦ ድረስ ይሰማል ትለን ነበር። እውነቱን ልንገርህ፤ አናምንህም ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጀልባ በጭነት መኪና አስጭኖ የገባን ሰው ሰፈሩ ሁሉ በባለመርከቡ ነቢይ ስም “ኑህ” ብሎ ሲጠራው፣ እኔም ከኋላህ ስቄያለሁ። አሁን ሴትየዋ መርከቦች በዚያች በር ማለፍ ፈርተው አፍሪካን ዞረው እየሄዱ ነው ትላለች። ጎረቤታችን የመስኖ ፓምፑ ናፍጣ ዘገየብኝ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲያማርር መሰንበቱ ትዝ አለኝ። ሱብሃነላህ አልኩ። ዓለም በሙሉ ያንተን ወሬ እያወራ ነበር፣ አባዬ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ውሃ ሞላንባት። ስምንት ጀሪካን፣ የሳምንት ውሃችን። እንደ ወንፊት አወረደችው። የደፈንኩት ሁሉ ዳር ዳሩን ለቆ ይንጠባጠባል። ተናደድኩ፤ ባንተም ጭምር ተናደድኩ፤ ያላየሁትን ባሕር አሳምነኸኝ ውሃዬን ያስፈሰስከኝ መሰለኝ። መጥረቢያዬን አነሳሁ።

ዘይነባ እጄን ያዘችኝ። “ቆይ እስቲ፤ አባባ ያን ቀን አጠጧት ያሉት ላሚቱን ነው?” አለችኝ።

ባረፍክበት ጠዋት ድምፅህ አልቆ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ትደጋግማለህ፤ አጠጧት፣ አጠጧት። እኔ ሮጬ ወጥቼ የላሚቱን ገንዳ ሞላሁና ተመልሼ፣ አጠጥቻታለሁ አባዬ አልኩህ። አልሐምዱሊላህ ብለህ ዓይንህን ጨፈንክ። እኛ አገር አጠጧት ከተባለ ከላም በቀር ማን ትታሰባለች? በየበልጉ የጣራውን ውሃ ወደ ጀልባዋ ስትመልስ እንኳ ለፍየሎቹ መጠጫ ይመስለን ነበር። ውሃ የጠማት እሷ መሆኗን አንድም ሰው አላሰበም።

መጥረቢያውን አስቀመጥኩ። ዘይነባ ከጎረቤት በጀሪካን ውሃ ለመነች፤ ሰዉ ምን እንደነካን ባይገባውም ሰጠን። ስታፈስ እንሞላለን፣ ስታፈስ እንሞላለን። እሑድ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት ስመለስ ጠብታው ቀንሷል። ከሰዓት በኋላ እንጨቱ አበጠና የደፈንኩበትን ሰጋቱራ ጉርሻ ጉርሻ እያደረገ ወደ ውጭ ተፋው። ሰኞ ጠዋት ከሥሯ ያለው አፈር ደርቆ አገኘሁት። ተንበርክኬ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ዓይኔን አላመንኩትም ነበር። ሠላሳ ዓመት ባሕር ያላየ ጣውላ ውሃ ሲያገኝ ራሱን በራሱ ዘጋ። ሃያ ዓመት በእንጨት ስኖር እንጨትን አላውቀውም ኖሯል። ከፈጣሪ ሥራ ፊት ሰው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የገባኝ ያን ጠዋት ነው፤ አንተን ምን ያህል እንዳላወቅኩህም ጭምር።

ሹፌሩ ሙሉውን ውሃ አየ፣ ጀልባዋን አየ፣ ሄዶ የአይሱዙውን የኋላ በር ከፈተ። ውሃውን ቀድተን ለሰዉ መለስንና ስምንት ሰዎች ሆነን ጫንናት። ሐይቅ ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ሲያወርዷት ትንሽ ዘመም አለችና ቀና ብላ ተንሳፈፈች። ዋና አልችልም፣ ታውቃለህ፤ ገባሁባት። ዓሣ አጥማጁ ወደ መሃል ቀዘፈ። ከዚያ በላይ ስለሚሰፋው ባሕር ስታወራ ፊትህ የሚበራው ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ ይቅርታ ጠየቅኩህ።

ግቢው አሁን ባዶ ነው፤ ነገ የዳሱ ቋሚ ይተከላል። ላንተ የምገባው ቃል አንድ ነው። አላህ ዕድሜ ከሰጠኝ፣ ያየኸውን ሁሉ ለሐያት ልጆች እነግርልሃለሁ፤ ምንም ሳልቀንስ፣ ስምህን እየጠራሁ። አያምኑኝም። ከኋላዬም ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ፤ ያኔ አንተ ከእኛ ጋር እንዴት እንደኖርክ አውቃለሁ።

ልጅህ ሰይድ