የኮምፔንሳቶው አንኮበር

ደብረ ብርሃን፣ እሑድ ጥር 15 ቀን 1958 ዓ.ም.

ዛሬስ አንገሸገሸኝ። አባባን ይዤ ለአውራጃው ትርኢት የተሠራውን መናፈሻ ላሳያቸው ሄድኩ። የአንኮበርን ዳገት በአፈርና በኮምፔንሳቶ ሠርተው ቡናማ ቀለም ቀብተውታል። ገደል የተባለው ከእኔ ቁመት አይበልጥም። ሰው ትኬት ቆርጦ "የጥንት ነጋዴ መንገድ" እያለ ይወጣበታል። ጫፉ ላይ ጭነት የተሸከመ የእውነት ግመል አቁመዋል። ግመል! አንኮበር ላይ! ግመል መቼ ያንን ዳገት ወጥቶ ያውቃል? ከዳገቱ ሥር ባለው ገበያ፣ አሊዩ አምባ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የበቅሎ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን የፈጁት እዚያ፣ ከግመል አውርደው በቅሎ ላይ ሲጭኑ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣውን አስጌጭ ጠርቼ ነገርኩት። "በቅሎማ ገበያው ሁሉ ሞልቶ የለም እንዴ? ግመል ያምራል" ብሎ ሳቀብኝ። ጭነቱ የታሰረበት ጠፍር ደግሞ የአባባ ነው። ያዋስኩት እኔው ነኝ።

አባባ ጠፍራቸውን አወቁት። ግመሉን ስበው እስከ ዳገቱ ሥር አወረዱት፤ አንበርክከው ጭነቱን ይፈቱ ጀመር።

"ሽማግሌው፣ አይነካም!" ብሎ ዘበኛው ክንዳቸውን ያዘ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

"የሚራገፈው እዚህ ነው፣ ልጄ" አሉት ረጋ ብለው።

ከዚያ እንድመሰክርላቸው ዞረው በዓይናቸው ፈለጉኝ። ከመሥሪያ ቤት አለቃዬ ጎን ቆሜ ነበር። እሱ ሲስቅ አየሁና እኔም አብሬ ሳቅሁ።