የጥሎሹ ጥቁር ቀሚስ

ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለታችኛው አልጋ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ከመወልወያው ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ከሥራ ስትገቢ ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትቀመጪው? እኔ የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ክብር ይግባውና ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ ነኝ። ምን ያህል በላይ እንደሆንኩ ግን እስከ ደብዳቤው መጨረሻ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ልቆጣሽ። በሠርጌ ሰሞን “ይቅር በይኝ፣ ትዳርሽን አበላሸሁብሽ” የምትል አንዲት መልእክት ሰደድሽና ስልክሽን ዘጋሽ። አምስት ወር ሙሉ በደወልኩ ቁጥር የምታነሳው ያቺ በአረብኛ የምትናገረው ሴትዮ ናት፤ ከሷ ጋር ልንዛመድ ምንም አልቀረን። ለነገሩ ማፈርሽን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አምስት ወር ይበዛል። አሁን ሙሉ፣ ያቺ ከእናንተ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው፣ ለእረፍት መጥታ ልትመለስ ስትል በወረቀት ያዝኩሽ። ወረቀት እንደ ስልክ አይዘጋም።

ምን እንዳየሽ አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ዘነበች በስልኳ የቀረጸችው ነው የደረሰሽ። አጎቴ አያ ፈንታሁን ያንን ጥቁር ቀሚስ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ሲቆጡ፣ የባሌ የአለምነው ፊት አመድ ሲመስል፣ ከዚያ ቁርጥ ይላል። የተቋረጠው ሠርጉ እንዳይመስልሽ። የዘነበች ስልክ ሞልቶ ነው። ሰው ግን ያችን እኩሌታ ይዞ ከሻርጃ እስከ ቤይሩት ተቀባበላት። አንቺም እኩሌታውን አይተሽ ሙሉውን አለቀስሽ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እኔም ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ያንን ቀሚስ ከእኛ በላይ የሚያውቀው ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት የዚያን ውድ የልብስ ሱቅ መስታወት አንቺ ከላይ እኔ ከታች ስንወለውል እሱ ከውስጥ ቆሞ ያየን ነበር። የሱቁን ስም እስካሁን ማንኛችንም አስተካክለን አልጠራነውም። ቀሚሱ ጥቁር፣ ጌጥ የለው፣ ዘርፍ የለው፣ እጅጌው እስከ ክርን። ዋጋው የአራት ወር ደሞዛችን። አንቺ ያወጣል ትያለሽ። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ደግሞ ጨርቅ ያው ጨርቅ ነው፣ የቀረው የስም ዋጋ ነው፣ በዚህ ገንዘብ አባቴ የአንበሳሜን ገበያ በሙሉ ያለብስ ነበር እላለሁ። አንድ ቀን ስንከራከር ሳሙናው መስታወቱ ላይ ደርቆ አለቃችን ያን ሁሉ ጩኸት የጮኸብን ትዝ ይልሻል? የተጮኸብን ለሌላ ሰው ልብስ ስንጣላ ነው።

አገሬ ገብቼ ደብረ ታቦር ላይ የስፌት መኪናዬን ከተከልኩ በኋላም ያንን ቀሚስ ለአለምነው አወራሁለት። አንቺ የምታውቂው በፎቶ ነው። ብረት በያጅ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ በርና መስኮት ይሠራል። ሱሪው ሁሉ በእሳት ፍንጣሪ የተበሳሳ ነው፤ እኔም መጣፉ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። ከሰልባጅ ተራ ሌላ ልብስ ገዝቶ የማያውቅ ሰው፣ ለአዲስ የብየዳ ማሽን ያስቀመጠውን አንሥቶ ከአንቺ ጋር በስውር ተማክሮ ያንኑ ቀሚስ ያስገዛል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። በኋላ ምን ነክቶህ ነው ብለው፣ ያንን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አንሥተሽ ሦስት ጊዜ ሰደብሽው፣ ሰው የማይፈልገውን ነገር ሦስት ጊዜ አይሰድብም አለኝ።

አጥፍተናል፣ አልክድም። አንቺ ያን ያህል ዓመት እዚያ ስትኖሪ ጥቁር ያየሽው በሙሽራም በሚዜም በባለጸጋም ላይ ነው። ጥቁር የክብር ልብስ ሆኖብሻል። እኔም ብትጠይቂኝ ያንኑ እልሽ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱን ለብቻሽ አትውሰጂው። ጥሎሽ ሰው ፊት ተዘርግቶ እንደሚታይ ሁለታችንም ረስተናል። ከሁሉ የከፋው ግን የረሳነው የማንን ቤት እንደሆነ ነው።

እናቴ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሰባት ዓመት ከል ለብሳለች። ዓመቱ ሲያልቅ ታወልቃለች ተባለ፤ አላወለቀችም። የንስሐ አባቷ መከሯት፣ ጎረቤት ለመናት፣ እኔም ከስደት ስመለስ እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። ለሠርጌ እንኳ በላዩ ነጭ ነጠላ እደርባለሁ እንጂ አላወልቅም አለች። እኔ ደግሞ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። መርዶውም የደረሰኝ ከአርባው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አልጋሽ ላይ አቅፈሽ የያዝሽኝ አንቺ ነሽ። ያልቀበርኩትን ሰው ይበቃሻል እርሺው ለማለት አፌ አልደፈረም። የልቤን ልንገርሽ አይደል? ከሠርጉ ይልቅ ያ ከል ነበር የሚያስጨንቀኝ። እሷን በጥቁር ጥዬ በነጭ መውጣት ውስጤን እየበላኝ ነበር።

እንግዲህ ቀኑ ደረሰ። ሠርጉ አንበሳሜ አጠገብ እናቴ ቤት ነበር። እኔ ጓዳ ውስጥ በሴቶች ተከብቤ በግድግዳው ስንጥቅ አያለሁ። ሽማግሌዎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። አንደኛው ሚዜ ደረጄ ሻንጣውን ከፍቶ አንድ በአንድ ያነሣል። ነጩ የጥበብ ቀሚስ ወጣ፤ እልል ተባለ። ጫማው ወጣ፤ እልል። ጃንጥላው ወጣ፤ እልል። ደረጄ ብልህ ነኝ ብሎ ውዱን ለመጨረሻ አስቀምጦት ኖሯል። ጥቁሩ ሲወጣ አንዲት ሴት እል ብላ ጀምራ እዚያው ዋጠችው።

አያ ፈንታሁን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ተነሥተው ተቀበሉት። አገላበጡት። ለሙሽራ ከል ታመጣላችሁ? ወንድሜን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ፣ ልጁን ደግሞ በቁሟ ልቅበር ነው ወይ? ይኼ ሟርት ነው፣ ልጅ አንሰጥም፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ተመለሱ አሉ። አንቺ ያየሽው እስከዚህ ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ስሚ። ደረጄ ነገሩን አበርዳለሁ ብሎ ዋጋውን ተናገረ። እሱስ ባይናገር ይሻለው ነበር። አንደኛው ሽማግሌ፣ አያ በላይነህ፣ በዚህማ ሁለት በሬ ይገዛል፣ ሁለት በሬ ያወጣ ልብስ ዘርፍ እንኳ የለውም ወይ፣ ወይስ ሸማኔው ጥበቡን ሳይጨርስ ነጠቃችሁት ብለው ከልባቸው ጠየቁ። የሳቀ የለም። ወንድ ሙሽራ በጥሎሽ ላይ ቃል አይተነፍስም፤ አለምነው ግን ተነሣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልብሱን አቃጥሉት፣ እሷን ግን አትከልክሉኝ አለ። እኔ ልወጣ ስል ሴቶቹ በቀሚሴ ያዙኝ፤ ሙሽራ አትወጣም ብለው። እውነት እልሻለሁ፣ ያን ጊዜ አንቺንም ቀሚሱንም አለቃችንንም ረገምኩ።

ያን ጊዜ እናቴ ከበሩ ጥግ ተነሣች። በሽማግሌዎቹ መካከል አልፋ ቀሚሱን ከአያ ፈንታሁን እጅ ተቀበለች። ሁሉም ትቀደዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ገለበጠችው። የልብስ ሰፊ ሚስት አይደለች? ውስጡን፣ የጎኑን ስፌት፣ በጣቷ ዳሰሰችው። ረጅም ጊዜ ዳሰሰችው። አባቴ ለሰው ልብስ ሲሰፋ ሁልጊዜ በውስጥ በኩል ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ይተው ነበር፤ ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል፣ ለነገ ተዉለት እያለ። ገበያተኛው ጨርቅ አባከንክ እያለ ይጨቃጨቀው ነበር።

እናቴም፣ ይኼ ከል አይደለም አለች። ከልን አውቀዋለሁ፣ ሰባት ዓመት ለብሼዋለሁ፣ ከል ለነገ የሚተወው ጨርቅ የለውም፣ ይኼን የሰፋው ሰው ለነገ ትቷል አለች። ከዚያ ወደ አያ ፈንታሁን ዞራ፣ እርስዎ ከል ነው ካሉ ግን ይሁን፣ ባንድ ቤት ሁለት ከል አይለበስም፣ ልጄ ትልበሰውና የኔን አወልቃለሁ አለች።

ጓዳ ገባች። ከሣጥኗ ሥር አባቴ የሰፋላትን ነጭ ቀሚስ አወጣች። እኔ ሙሽራዋ ቆሜ እናቴን አለበስኳት። ከስታ ኖሮ ሰፋት፤ ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤ ያዝኩላት። አንድ ጊዜ ወጋኋት፤ እሷ ግን ሳቀች። እህቴ፣ የእናቴን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው። ያቺ እልልታዋን የዋጠችው ሴት፣ እናቴ ነጭ ለብሳ ብቅ ስትል ያስቀረችውን ከነወለዱ ለቀቀችው። አያ ፈንታሁን ሰው ፊት አልቅሰው የማያውቁት ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሲገልጡትም፣ የወንድሜን ሚስት ከሰባት ዓመት ከል ያወጣ ልብስ ሁለት በሬ ያንስበታል እንጂ አይበዛበትም አሉ። አያ በላይነህም ዘርፍ ቢኖረው ግን ይሻል ነበር ብለው አጉረመረሙ። ያን ጊዜ ነው ዳሱ በሳቅ የፈረሰው፤ ዘነበች ግን ባዶ ስልክ ይዛ ቆማለች።

ይኸው ነው ያበላሸሽው ትዳር።

ለመልሱ ጥቁሩን ለበስኩት። እናቴ በነጭ፣ እኔ በጥቁር፤ አላፊ አግዳሚው ሙሽራዋ የትኛዋ ናት እያለ። ደብረ ታቦር ስመለስ ሴቱ ሁሉ እንደሱ ስፊልኝ እያለ ሱቄን ሞላው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል። ሦስት ሰፋሁ። ጨርቁን ከባሕር ዳር አስመጣሁ፣ ልኩን ወሰድኩ፣ ክሩን መረጥኩ፤ አልሆነም። የኔዎቹ ሰው ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ያ ግን ትከሻ ላይ ሲያርፍ አገሩ የገባ ይመስላል። ደንበኞቼ ወደውታል፤ እኔ ግን ልዩነቱን አውቃለሁ። ስለዚህ በዚያ በመስታወቱ ክርክር ረትተሽኛል። ሁሉም ውድ ልብስ ያወጣል አላልኩም፤ ስሙን ብቻ የሚሸጥ ሞልቷል። ይኼኛው ግን ያወጣል። አየሽ፣ ጻፍኩልሽ፤ በየጊዜው እያነሣሽ እንዳታነቢብኝ ብቻ።

አለምነው አሁንም በዚያ አሮጌ የብየዳ ማሽን ይሠራል። ማሽኑን ያስነጥሰዋል፣ ይጠፋበታል፣ ይመታዋል፣ ይነሣል። አይቆጨውም። እንዲያውም ከሰሞኑ እየበየደ ያፏጫል።

ምክንያቱን ለመናገር ገና ነው። ባለፈው ወር የቀሚሱን ጎን ፈታሁት። ወገቡ እምቢ ስላለኝ ነው። ድንች አበዛሽ እንዳትይኝ፤ ድንችማ ሽታው አልስማማኝ ብሎ ከተውኩት ሰንብቻለሁ። ያንን ሁለት ጣት ስለቀው ልክ ሆነልኝ። እስከ ፍልሰታ ያደርሰኝ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ክንድ ብለቅም የሚበቃኝ አይመስለኝም። ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ቀሚሱን ስፈታ አየችኝ። እንዝርቷን አንሥታ መፍተል ጀመረች።

ሰባት ዓመት ነጭ ክር ያልነካች ሴት መጀመሪያ የፈተለችውን አሠርታ ለአንቺ ልካልሻለች። ነጠላውን ያቺው ሙሉ ትሰጥሻለች፤ ከላክሁልሽ በሶ ጋር ነው የተጠቀለለው። እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አለችኝ፦ ያቺን ልጅ እሷ እኔን ከከል እንዳወጣችኝ እግዚአብሔር ከሰው አገር መስታወት ፊት ያውጣት፤ የራሷን ደጃፍ፣ የራሷን መስኮት ያሳያት፤ ሙሽርነቷን ሳላይ አልሙት። እኔም አሜን ብያለሁ፤ አንቺም ስታነቢው አሜን በይ። መስኮቱን አለምነው በነጻ እሠራላታለሁ ብሏል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽና ላብቃ። ከዚያ ሱቅ በስተቀኝ ያለችውን ትንሿን ሱቅ ታስታውሻለሽ፣ አንቺ ቆም ስትዪ እኔ ይኼ ለኛ ምን ያደርግልናል ብዬ እጅሽን የምጎትተው? መስታወቷን ስትወለውዪ የእነዚያን ትንንሽ ልብሶች የአንገት ስፌት እዪልኝና ንገሪኝ። እንዳትገዢ ግን፤ ዋጋቸው ይገርማል። የማያድር ልብስ ነው፣ በወሩ ይጠባል፣ እንዳትገዢ። አውቅሻለሁና ደግሜ እነግርሻለሁ፣ እንዳትገዢ።

ብትገዢም ጥቁር ብቻ እንዳይሆን፤ በዚህ ቤት ገና ከል የሚያወልቅ ሰው አልቀረም።

ጤናሽን ይስጠኝ፤ ስልክሽን ያስከፍትልኝ።

የላይኛው አልጋ እህትሽ