ለጉበቴ የጾምኩት ሁዳዴ

መጋቢት 3፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

ዘጠኝ ኪሎ! ዘጠኝ! ደብተሬ፣ እንዴት አደርሽ እንኳ ሳልልሽ ነገርኩሽ፣ ይቅር በይኝ። አሁን ከሚዛኑ መውረዴ ነው። ከጓዳ ኋላ ካለው፣ የጤፍ ጆንያ ከምንመዝንበት። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ነጠላዬን ጣልኩ፣ ጉትቻ ሳይቀር ፈታሁ። መቶ ሃያ አንድ የነበረችው ሴትዮ ዛሬ መቶ አሥራ ሁለት። ሦስት ኪሎ ብቻ ቀረኝ።

የአምናውን አንቺ አታውቂውም፣ ገና ገዝቼሽ ነው። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኛሁ። ዶ/ሩ ጨጓራዬን ቆርጦ ሊያሳንስልኝ በካሜራ ገባ። ጉበቴ በስብ አብጦ ጨጓራውን ሸፍኖታል፣ ገለል ማድረግ አልተቻለም። ዘግቶ ወጣ። ስነቃ ሆዴ ላይ አራት ቀዳዳ፣ ጨጓራዬ እንዳለ። ጁባ ስመለስ ሰው ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ሊል መጣ፤ ዙሪያዬን እየቃኘ፣ የት ጋ እንደከሳሁ እየፈለገ። አማራት ሰፈር መሀል ምግብ ቤት ከፍቼ፣ ሰው እያወቀኝ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘንድሮ ዶ/ሩ ቁርጡን ነገረኝ። ቀድመሽ አሥራ ሁለት ኪሎ ቀንሺ፣ ጉበትሽ ይሽሽ፣ ያኔ እሠራሻለሁ፣ ካልሆነ አልነካሽም። ወረቀት ሰጠኝ። ስኳር የሌለው ወተት፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ አሳ፣ ሾርባ። በቀን አምስቴ፣ ትንሽ ትንሽ።

ወተትና እንቁላል በሁዳዴ! ሰረዝኩት። እርጎውንም፣ አሳውንም። የቀረው ሾርባ ነው፣ እሱንም በቀን አንዴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ምስርና ሽሮ? ከባድ ነው፣ ተውኩት። የጎመን ሾርባና ውሃ። የእግዚአብሔርንም የዶ/ሩንም በአንድ ጾም። ይኸው ወረደ!

ነፍስ አባቴን ልጠይቅ ብዬ ነበር። ለታመመ ይፈቅዳሉ። ለዚያ ነው ያልጠየቅኳቸው። ብዪ ካሉኝስ?

መጋቢት 12፣ ዓርብ

109! ደረስኩ! የሚዛኑን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ለሆስፒታሉ ነርስ ላክሁ። በወረቀቱ መሠረት ነው አይደል ብላ ጻፈች። በሚገባ አልኳት። ልቤ አንዴ ዘለለች። አንዴ ብቻ።

ቦዳ ነጂው፣ ባለ ሞተር ታክሲው፣ ጎማዬን ታፈነጂብኛለሽ ብሎ ይሸሸኝ የነበረው፣ ዛሬ ራሱ አጠገቤ ቆመ። ማማ፣ ኢታ ኩወይስ? ደህና ነሽ ወይ ማለቱ ነው። ኩወይስ፣ ኩወይስ ጂደን! ከኋላው ዘልዬ ወጣሁ። ዘልዬ!

ብርቄ ቀሚሴን ከኋላ ሰብስባ በመርፌ ቁልፍ ያዘችልኝ። ብርቄ ወጥ ቤቴ ናት፣ ስምንት ዓመት አብራኝ ያለች። ሳቅን። ከዚያ ማበጠሪያዬን አነሳችና አሳየችኝ። ጸጉር። ብዙ። ውሃው ነው አልኳት፣ ቦቴው ከየት እንደሚቀዳ ማን ያውቃል።

"ስምንት ዓመት በዚሁ ውሃ አይደል እንዴ የታጠብነው?"

ስልክ እንደተደወለልኝ ሆኜ ወጣሁ።

አሥራ ሁለት ከተባለ አሥራ አምስት ይሻላል፣ አይደል? ጉበቱ ይበልጥ ይሸሻል። እቀጥላለሁ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡00

106። ደስ ሲለኝ! ሙቀቱ ግን አናት ይበሳል፣ ጄኔሬተሩም ከጠዋት ጀምሮ ያስላል። ሽንኩርት ላወጣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ጨለመብኝ። ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ። ልቤ ይመታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ሁለቴ ደራርቦ ይመታል። እቆጥራለሁ፣ ይጠፋብኛል። ብርቄ ገባች። ሽንኩርት እየመረጥኩ ነው አልኳት። እጄ ላይ አንድም ሽንኩርት የለም። እጄን አየች፣ ውሃ አምጥታ አስቀመጠችና ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። አልጠጣሁትም።

እግሬ ከብዶኛል። ሰው ሲከሳ እግሩ ይከብዳል እንዴ?

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ቀኑ ተቆረጠ!! ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ፣ ልክ በፋሲካ ሳምንት። ዶ/ሩ ራሱ ደወለ። እንዲህ ቆርጣ የምትቀንስ ታካሚ እምብዛም አላይም አለ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ አፈርኩ። ኪሎው ብቻ ግን አይበቃኝም አለ፣ እዚያው ጁባ ደምሽን ተመርምረሽ እስከ ሚያዝያ 1 ውጤቱን ላኪልኝ። እሺ፣ ምን ችግር አለ።

አንድ ነገር ግን። ሚዛኑ ዛሬ 109 አለ። ሦስት ኪሎ ወደ ላይ! ከጎመን? ሁለቴ ወጣሁ፣ ሁለቴ ወረድኩ። ያው ነው። ጫማዬ እምቢ አለኝ። ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ጎደጎደ። አባታችን ሆይ ደግሜ እስክጨርስ ጉድጓዱ እዚያው አለ።

ሾርባውንም ልተወው ነው። ውሃ ብቻ፣ እስኪወርድ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ጠዋት ኮሎሎ ሰፈር ሄጄ ለምርመራ ደም ሰጠሁ፣ ኛኪም ያለችበት ክሊኒክ። ኛኪም ነርስ ናት፣ ቤቷ ሎሎጎ። ጋምቤላ አድጋ አዲስ አበባ የተማረች፤ አማርኛዋ ከኔ ይጣፍጣል፣ ምላሷም ከኔ ይከፋል። ውጤቱን ከሰዓት መጥተሽ ውሰጂ አለችኝ። ከሰዓት ራሷ ምግብ ቤቱ ድረስ ይዛው መጣች። ኛኪም ለማንም ወረቀት ቤቱ ድረስ አታመጣም።

ጓዳ አስገባችኝና በሩን ዘጋች።

"ዘኒ፣ ምን እየበላሽ ነው?"

"ወረቀቱ ላይ ያለውን።"

"ወረቀቱን ነው እንዴ የምትበይው?"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ፕሮቲኔ ወርዷል፣ ፖታሲየሜም ወርዷል። እብጠቱ ከዚያ የመጣ ውሃ ነው፤ ልቤም እንዲያ የሚያደርገው በዚያው ነው። ጉበትሽን አሳንሺ ሲሉሽ ጡንቻሽን በልተሽ ጨረስሽ አለችኝ። ጨጓራ ሲቆረጥ ይሰፋል፣ ስፌቱ የሚድነው ሰውነትሽ ውስጥ ባለው ነው፣ አንቺ ደግሞ ባዶሽን ነሽ። ስፌቱ ከለቀቀ ጨጓራሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ሆድሽ ውስጥ ይፈስሳል። ከዚያ ወዲያ… አልጨረሰችውም።

ሁሉንም ነገርኳት። ጾሙን፣ ሾርባውን፣ ውሃውን። አልጮኸችም፤ ብትጮህብኝ በመረጥኩ ነበር። ጾሙ ምን አደረገሽ፣ ምስር የለም፣ አተር የለም? ቄሱንስ ማን እንዳትጠይቂ ከለከለሽ? መቀነሱ የሚጠቅምሽ እየበላሽ ስትቀንሺ ነው። ወር አስተላልፉልኝ በያቸው፣ ብዪ፣ ጠንክሪ፣ ከዚያ ሂጂ። ደግሞም ዶ/ሩ ይሄን ሲያይ ራሱ ያስተላልፈዋል።

ያስተላልፈዋል። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። አምና የመጡት ሁሉ እንደገና ተሰብስበው ዙሪያዬን ሲያዩኝ ነው የታየኝ።

ኪኒን ሰጠችኝ። ሰኞ ተመልሰሽ ነይ፣ ደምሽ ይታያል አለችኝ። ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ አስማልኳት። ማለችልኝ፣ ፊቷን አዙራ።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

ትናንት አልሄድኩም። ደንበኛ በዝቶብኝ ነበር። (አልበዛም።) ኛኪም ሦስት ጊዜ ደወለች።

ብርቄ የምስር ሾርባ ይዛ መጥታ አናቴ ላይ ቆመች። እኔ እያየሁሽ ብዪ። ከመቼ ወዲህ ነው የምታዥኝ ብላት ከዛሬ ወዲህ አለችኝ። ሦስት ማንኪያ ወሰድኩ። ሲጥም! ጨዋማ፣ ትኩስ፣ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ድረስ ነው የተሰማኝ። አራተኛውን ፈራሁት። አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም።

"እትዬ ዘኒ፣ አምና ሳይሠሩሽ መጣሽ። ምን ሆንሽ? በሕይወትሽ መጣሽ።"

 ስትወጣ ሳህኑን ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት። እብጠቱ ጉልበቴ ደርሷል። ፊቴ ግን፣ ማርያምን፣ የሃያ ዓመት ልጅ መስሏል። ሁሉም ፊቴን ነው የሚያየው።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

ውጤቱ የሚላክበት ቀን ዛሬ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ ኛኪም ያመጣችው። ሌላው የጥር ወሩ ነው፣ ሁዳዴ ሳይገባ እዚያው ክሊኒክ የተመረመርኩት፤ ሁሉም ቁጥር ያማረ። ሁለቱም ላይ ስሜ፣ ሁለቱም ላይ ማኅተም። ቀኑ ከታች በትንንሽ ተጽፏል።

ከጠዋት ጀምሮ አየኋቸው። ኛኪም እንደማትዋሽ አውቃለሁ። ያልታወቀኝ ነገር የለም፣ ደብተሬ፣ አንቺን ልዋሽሽ አልፈልግም። ግን ወር ማለት ምንድን ነው? ዛሬ አንድ ወር፣ ከዚያ ሌላ ወር፣ ከዚያ በልቼ ጉበቴ ተመልሶ ያብጣል፣ ከዚያ ደግሞ አልነካሽም። እኔ ሁለተኛ ዙሪያዬን አልታይም።

የጥር ወሩን ፎቶ አነሳሁት። ከታች ያለው ቀን እንዳይገባ አድርጌ። ላክሁት።

4፡40። ነርሷ መለሰች። "በጣም ጥሩ ነው፣ እንጠብቅዎታለን።"

እልል! ብቻዬን ጓዳ ውስጥ እልል አልኩ፣ ብርቄ ደንግጣ መጣች። አለፍኩ አልኳት፣ ተፈቀደልኝ። አቀፈችኝ። ጀርባዬን ስትዳብሰኝ እጇ አጥንቴ ላይ ቆመ።

አሁን ለሁሉም የሚላከውን የግብዣ ጥሪ እየጻፍኩ ነው። እዚህ ያለውን የኢትዮጵያውያን ማኅበራችንን ድንኳን ለምኛለሁ። ብርቄ ፊቷን አጨማደደች፣ ያ ለለቅሶ የሚወጣው ነው እኮ ብላ። ጁባ ውስጥ ሌላ ድንኳን ከየት ላምጣ? በሱ ሥር ስንስቅ የደስታ ድንኳን ይሆናል። በግ ይታረዳል፣ ዶሮም ይሠራል። እኔ አንድ ሲኒ ሾርባ ይዤ በመካከላቸው እዞራለሁ፣ እንደ ሙሽራ።

ስልኩ ደግሞ ይጠራል። ኛኪም ናት። ይጥራ። ለእሷም እጽፍላታለሁ።

ወዳጆቼ፣ ሚያዝያ 16 አዲስ አበባ እሠራለሁ፣ በሁለት ሳምንት ጁባ እገባለሁ። ግንቦት 3፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቤቴ። ሰበብ አልቀበልም። ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ አንድ ሰው እንዳይቀር።