ከኮከቧ ጎን ያለችው ነጥብ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ኮከብ የምታጠናዋን የሰላምን መሣሪያ በበቅሎዬ ከጉና አወረድኩ። ስናርፍ ገና ጨቅላ የሆነች ኮከብ በፎቶ አሳየችኝ። ከጎኗ ትንሽ ነጥብ አለች።

«ልጇ ናት?» አልኳት።

«የምትዞራት ፕላኔት ትሆናለች፣ ጋሽ ሞላ። የዛሬ ዓመት ደግሜ አያታለሁ። ኮከቧ ስትሄድ አብራት ከሄደች የራሷ ናት፤ ከቀረች ባዳ ናት።»

«እኛም የባዘነ በግ የማን እንደሆነ የምናውቀው መንጋው ሲነሳ ነው። ይሄን ያለ ዩኒቨርሲቲ አውቀዋለሁ!»

ሳቀች።

«መልሱን በደብዳቤ ላኪልኝ» አልኳት። «የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ፤ ራሴ አነበዋለሁ።»

የደብረ ታቦሩ ሐኪም ስለ ልቤ ያለኝን አልነገርኳትም። ዓመት መድረሴን እንጃ።

ቤት እንደገባሁ ባለቤቴን አንጓችን ሀ ሁ አስጀመርኳት።

«ዛሬ ደግሞ ምን ታይቶህ ነው?» አለችኝ።

«ደብዳቤ ይመጣል» አልኳት።