አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ

ሰኞ፣ ሰኔ 7

ዛሬም መምህራን ክፍል ዋልኩ። ወንድም ጋሼ የትምህርት ቤቱን የኢንተርኔት ገመድ ሲዘረጋ ከመሰላል ወድቆ እግሩን ከተሰበረ ወዲህ በሱ ቦታ የምሠራው እኔ ነኝ። የመምህራኑን ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ማገናኘት... በቃ እሱው ነው። ለማገናኘት የሚሞሉትን ቁጥሮች ከወንድም ጋሼ ላፕቶፕ ላይ ገልብጫለሁ። በየላፕቶፑ እጽፋቸዋለሁ፣ ኢንተርኔቱ ይከፈታል። ዞር ስል ይጠፋል።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ልጅ መምህራን መሀል... ቀና ብዬ አላይም። የማውቀው ጫማቸውን ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 8

የሂሳብ መምህሩን አገናኘሁ፣ የእንግሊዝኛዋ መምህርት ጠፋባት። እሷን አገናኘሁ፣ የሂሳቡ ጠፋባቸው። "የኔ ልጅ፣ ከአንዱ እየነቀልሽ ነው እንዴ ለአንዱ የምትተክዪው?" አሉኝ። ተሳቀ። እኔም ፈገግ ያልኩ መሰለኝ። ስመላለስ እግሬ ዛለ።

ስወጣ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ አስቆሙኝ። የተማሪዎቹ ውጤት እስከ ዓርብ ኢንተርኔት ላይ ካልገባ በወንድሜ ቦታ ሌላ ሰው ለመቅጠር እንደሚገደዱ ነገሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውንም ከላይ ይጨቀጭቋቸዋል። "እሺ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ቤት ስገባ ወንድም ጋሼ፣ "ሥራ እንዴት ዋለ?" አለኝ። "ደህና።" እሱም አልጨመረ፣ እኔም አልጨመርኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 9

ጥፋተኛ ተገኘ ተባለ። የታሪክ መምህሩ... አባባ የሚሏቸው፣ ዘንድሮ ጡረታ የሚወጡት። እሳቸው ሲከፍቱ የሌላው ይጠፋል፣ ላፕቶፓቸው አሮጌ ነው፣ ቫይረስ አለበት። እንዳይከፍቱ ተከለከሉ። "ግድ የለም፣ ባለቤቱም አርጅቷል" ብለው ክዳኑን ገጠሙት። ከሰዓት በኋላ ውጤቱን በእጃቸው ጽፈው የሚያስገባላቸው ሰው ሲለምኑ ነበር። ሁሉም የራሱ ጣጣ አለበት፣ ማን እሺ ይበላቸው?

እሳቸው ዘግተውም እኮ የሰው መጥፋቱን አልተወም። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ? ልናገር አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

አልቻልኩም። ለወንድም ጋሼ ሁሉንም ነገርኩት፣ እያለቀስኩ። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

"ለማን ምን ቁጥር ሰጠሽ?"

"ለሁሉም ያንኑ። ያንተን።"

"የመጨረሻዋን ቁጥር አልቀየርሽም?"

መቀየር አለባት እንዴ?... መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ግንባሩን ያዘ። እንደ ስልክ ቁጥር ነው አለኝ። ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ከያዘ አንዱ ሲገባ አንዱ ይባረራል። ድሮ ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ሳጥን ራሱ ለየላፕቶፑ ቁጥር ያድል ነበር፣ ከተበላሸ ወዲህ በእጅ ነው። እሱ እንደማውቅ አስቦ አልነገረኝም። እኔ በሕመሙ ላይ እንዳላስቸግረው ብዬ አልጠየቅኩም። አለመጠየቅ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ነገ ቀስ ብለሽ አስተካክዪው። ከምን እንደሆነ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ቫይረስ ነው ካሉ ቫይረስ ይሁን። በዚህች ሥራ ነው የምናድረው።"

እውነቱን ነው። እና አባባስ?

ዓርብ፣ ሰኔ 11

ሁሉም አንድ ላይ ካልዘጉ አይስተካከልም። ስለዚህ መናገር የግድ ሆነ። መሀል ላይ ቆምኩ። "ይቅርታ..." የሰማኝ የለም። ደግሜ፣ ትንሽ ጮክ ብዬ፣ ላፕቶፓችሁን ዝጉልኝ አልኩ። ዞሩ። ያ ሁሉ ዓይን...

"እኔስ ቀድሜ ዘግቻለሁ" አሉ አባባ ከጥግ። ተሳቀ። በዚያ ሳቅ መሀል ሹልክ ማለት እችል ነበር።

"የአባባ ላፕቶፕ ምንም የለበትም። ጥፋቱ የኔ ነው። ለሁላችሁም አንድ ቁጥር ሰጥቼ ነው።"

የሂሳብ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሳምንቱን ሙሉ ይህን ማሽን ስረግመው ነው የከረምኩት። አሁን ይቅርታ ልጠይቀው ነው?" እንደ መሳቅ አሉ። አንዳንዱ አልሳቀም።

ከአባባ ጀምሬ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጠሁ። አንድም የጠፋበት የለም። ከሥራ መውጫ በፊት የሁሉም ውጤት ገባ፣ የአባባም በገዛ እጃቸው።

ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ውጤቱ በቀኑ ስለገባ የወንድሜ ቦታ ይጠበቅለታል። እስኪድን ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይመጣል፣ እኔ ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም። ስለተናገርኩ አመሰገኑኝ። እጄን ያዙና ለቀቁት።

እሑድ፣ ሰኔ 13

ወንድም ጋሼ አኩርፎኛል። ከዓርብ ጀምሮ ቃል አልወጣውም። እዚህ ቤት አኩራፊዋ እኔ ነበርኩ፣ እሱ ተለማማጭ... ተገላበጠ።

ዛሬ ምሳ ሳቀርብለት ሳያየኝ፣ "ሰው ሞልቶ ነበር?" አለ።

"አዎ።"

"ቆመሽ ነው የተናገርሽው?"

"ቆሜ።"

የጎረሰውን ረጅም ጊዜ አኘከ። "እኔ ብሆን አልናገርም ነበር።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ የተሰበረ እግሩ ስር ትራስ አስገባሁለትና ጎኔን ላሳርፍ ሄድኩ። በጣም ደክሞኛል።