ሳይደርቅ የተላከ ሥዕል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የማይለቅ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ካመመኝ ብዙ ዓመቱ ስለሆነ አሁን እንደ ቤተሰብ ነው የምቆጥረው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል፤ የእናትሽን የመጨረሻ ሥዕል እንድልክልሽና በስንት ሰዓት እንዳለፈች በትክክል እንድነግርሽ። ሁለቱ አንድ ጥያቄ መሆናቸውን አንቺ አታውቂም። ቁጭ ብለሽ አንብቢ እንግዲህ።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። ዓለም ቢገለበጥ በቀን አንድ ሥዕል ሳይቀባ አይውልም። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ብርሃኑ በመስኮቱ ሲገባ ይጀምራል፤ ስድስት ሳይሞላ ይጨርሳል። የሚቀባባት ደብተር የምታክል ኮምፔንሳቶ፣ ቀለም የሚለውስባት የመስታወት ቁራጭ፣ ጫፏ የተጣመመ ቢላዋ፣ በመድኃኒት ጠርሙስ ያለች የተልባ ዘይት፤ ሀብቱ ይሄው ነው። ሲጨርስ የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት ከጀርባው በእርሳስ ይጽፋል። ያልጣመው ሥዕል ቤቱ አያድርም፤ እርጥብ እንዳለ በቢላዋው ሙልጭ አድርጎ ይፍቀዋል። ብሩሽ አጣቢዋ መቼም እኔ ነኝ፤ ቀለም የሚያስለቅቀው አኳራጅ እጄን አሮጌ ጫማ አስመስሎታል። እናትሽ "እታለም፣ አንቺን ባል ያሳጣሽ ይሄ ሽታ ነው" ትለኝ ነበር። "አንቺስ እያሸተትሽው አይደል ያገባሽው?" እላታለሁ። እስክታስል ትስቅ ነበር።

አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ሎሚና ጠርሙስ መቀባቱን ያስተወችው ራሷ ናት። "ሎሚ ከምትቀባ እኔን ቀባኝ፤ በቢጫነቱ እንደሆነ አልተለያየንም" አለችው። ሠላሳ ሰባት ቀን ቀባት። በየቀኑ ሲጨርስ ሥዕሉን ወደ እሷ ያዞርና ፍርዷን ይጠብቃል። "አፍንጫዬን አስረዘምከው።" "ዛሬስ የሞተች አስመሰልከኝ፣ ፋቀው!" ይፍቀዋል፤ በነጋታው እንደገና ይጀምራል።

የመጨረሻውን ቀን ልንገርሽ። ጠዋት ትንሽ ወተት ቀመሰች። ትራሷን ከፍ አደረግሁላት። እሱም የፊቷን ቀለም መስታወቱ ላይ ለውሶ ጀመረ። እኔ ኩሽና ሆኜ የሚጨምረውን ቀለም እየጠራ ሲያጉረመርም እሰማዋለሁ፤ የለወሰው ቀለም አልገጥም ብሎታል። ትንሽ አረንጓዴ ጨመረ። ትንሽ ሰማያዊ ጨመረ። አሁንም አልሆነለትም።

"ይሄ ብርሃን ዛሬ ምን ነካው! እታለም፣ ደመና መጣ እንዴ? እስቲ ውጪና እዪልኝ።"

ወጣሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነጭ አንሶላ አስጥታለች፤ ከፀሐዩ የተነሳ አንሶላው ዓይን ይወጋል። ደመና ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝም።

ተመልሼ ገባሁ። ዓይኑ ከመስታወቱ ወደ ጉንጯ፣ ከጉንጯ ወደ መስታወቱ ይመላለሳል። እሱ የሚያየው ቀለም ነው፤ እኔ እሷን አየኋት። ብርድ ልብሱን የማስተካክል መስዬ እግሯን ነካሁት።

"አዎ፣ ደመና ነው" አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አትጠይቂኝ። አፌ እንደዚያ አለ። ኩሽና ገብቼ አንዲት ኩባያ ማጠብ ጀመርኩ፤ ስንቴ እንዳጠብኳት እግዜር ይወቀው። ያኔ አራት ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው። ሥዕሉ ያለቀው ለስድስት ሃያ ጉዳይ ላይ ነው፤ ከጀርባው ተጽፏል። እንደ ልማዱ ወደ እሷ አዞረና "በይ ፍረጂ" አላት። መልስ ሲያጣ ደግሞ "እታለም፣ ነይ ቀስቅሻትና ትየው" ብሎ ጠራኝ።

በስልክ "ሥዕሉን ሲጨርስ አለፈች" ያልኩሽ፣ ለእሱም የነገርኩት ይሄንን ስለሆነ ነው። ይቅር በይኝ።

ከዚያ ወዲህ ብሩሽ ነክቶ አያውቅም። አምስት ሳምንት ሆነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ያቺን ሥዕል ያያል።

"ደመና ነበር አይደል?" ይለኛል።

"ነበር" እለዋለሁ።

"እንግዲያ ይሄ ቀለም የእሷ አይደለም፤ የደመናው ነው። ለልጄ ውሸት አልልክላትም። እፍቀዋለሁ።"

ጉዴን አየሽልኝ? በውሸቴ ብጸና ሥዕሉ ይፋቃል፤ እውነቱን ባወጣ ወንድሜ ይፋቃል። የሞተች ሚስቱን ፊት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀለም እየጨመረ ሲያስተካክል እንደነበር ካወቀ፣ ያ ወንበር ላይ እንኳ ተመልሶ የሚቀመጥ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ አንቺ ወዳለሽበት አገር ልትሄድ ነውና ልትሰናበተን መጣች። አፏ መርፌዋን እንደሚቀድም ታውቂያለሽ። "ነፍሷን ይማረውና፣ ያን ቀን እንዴት ያለ ፀሐይ ነበር! አንሶላዬ በአንድ አፍታ..." ብላ ስትጀምር "ውይ፣ ወተቴ ገነፈለ!" ብዬ ክንዷን ይዤ ኩሽና አስገባኋት። ምድጃው ላይ ምንም የለም። "አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ?" አለችኝ። "እርጅና ነው" አልኳት። አባትሽ ሰምቶ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ምሳውን ሳይነካ ዋለ። እሑድ ጠዋት ቢላዋውን አንስቶ አገኘሁት። "ነገ ትፍቀዋለህ፤ አሁን ጉልበቴን እሽልኝ" አልኩት። ቢላዋውን አስቀምጦ ጉልበቴን አሸልኝ። ትናንት ከሰዓት ጋደም ሲል ሥዕሉን አነሳሁት።

ልብስ ሰፊዋ ሐሙስ አንቺ ዘንድ ትደርሳለች። ሥዕሉንም አፏንም ይዛልኝ ትሄዳለች። አናጺው ጠርዙን ብቻ የሚይዝ ሣጥን ሠርቶልኛል፤ ምክንያቱም ነጩ የወፈረበት ቦታ፣ ትራሷ ጋ፣ ገና አልደረቀም። ስትከፍቺው በጣትሽ እንዳትነኪው። የጉንጯን ቀለም ስታዪም አትደንግጪ። ወንድሜ እድሜ ልኩን ሲቀባ እንደዚያ ልክ የገባለት ቀለም አላየሁም።

ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሥዕሉን ሲያጣው ልኬዋለሁ እለዋለሁ። ይቆጣ። ቁጣው ከዝምታው ይሻለኛል።

ባለሽበት ሁሉ ቀኝ ያውልሽ። እንግዳ አገር ላይ ሰው አያሳጣሽ። ስታመሚ ፊትሽን የሚያይ፣ ስትስቂ አብሮሽ የሚስቅ ይስጥሽ።

አክስትሽ፣
ብሩሽ አጣቢዋ

እንዳልረሳው፦ ይደውልልሻል፤ አውቀዋለሁ። "ቀለሙ ተበላሽቷል አይደል?" ይልሻል። አልተበላሸም ብለሽ እንዳትከራከሪው። ደመናው ያምራል በይው።