እግርሽን አትዪ

ልጄ፣ ምርቃቴ ከመንገድሽ ይቅደም፣ ክፉ አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ተዘግቶ የነበረው የጫማ ሥራ ቤታችን ተከራየ፤ ጸጉር አስተካካይ ገባበት። የቆዳው ሽታ ግን እስካሁን አልለቀቀውም። ጣሪያውም ያው ያፈሳል።

የታንጎ ዳንስ ለመማር መመዝገብሽን እህትሽ ነገረችኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። እናንተ ሳትወለዱ እኔና አባትሽም በየቅዳሜው አንድ አዳራሽ ውስጥ እንማር ነበር።

የጎማ ሶል ወለሉን ይይዝብሻል፤ የቆዳ ሶል ያለው ጫማ አድርጊ። መጀመሪያ አረማመዱን ተማሪ፣ ለመሽከርከሩ አትቸኩዪ። ቢረግጡሽም አትቆጪ፤ አንቺም መርገጥሽ አይቀርም።

ከሁሉም ከሁሉም እግርሽን አትዪ። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ጫማ ስሰፋ እየዋልኩ ዓይኔ መሬት ለምዶ ነበር። አስተማሪው «ቀና በይ!» ሲለኝ እኔ የአባትሽ ጫማ ስፌቱ መተርተሩን አያለሁ። አባትሽ እየሳቀ፣ «አንቺ ሴት፣ ሱቁ እኮ ተዘግቷል! እኔ ያለሁት እላይ ነው» ይለኝ ነበር።

አሁን ያንን ጊዜ ሳስብ የሚመጣልኝ ጫማው ነው። የግራው ተረከዝ እንዴት እንደተበላ፣ የክሩ ቀለም ሳይቀር ይታየኛል። ፊቱን ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብፈልገው፣ ብፈልገው አጣሁት።

በይ ልጄ፣ የያዝሽው ይባረክ፣ የረገጥሽው ይለምልም። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ስትጨፍሪ ፎቶ ተነሺና ላኪልኝ። እግርሽ ባይታይም ግድ የለም፣ ፊትሽ ብቻ ይኑርበት።

እናትሽ